«ባለቤቴ ዓይንሽ ቢጫ ቢጫ ይላል አለኝ፤ የእርዱ ቀለም ይሆን?»

ሐኪምዎን ይጠይቁ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ44 ዓመት ሴት ነኝ፣ የምኖረው አዳማ ነው። ለጤና ጥሩ ነው ሲባል ሰምቼ ከአራት ወር ወዲህ የእርድ ድልህ እያዘጋጀሁ ጠዋት በባዶ ሆዴ ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ማታም እንዲሁ እወስዳለሁ። ቁንዶ በርበሬ ካልበዛበት አይሠራም ስላሉኝ እኩል በእኩል ነው የምጨምረው። ለሦስት ሳምንት የሚበቃኝን አንዴ ሠርቼ አስቀምጣለሁ፤ ግን ይሻግትብኛል፣ አንዳንዴም ጥሬ ጥሬ ይለኛል። ትክክለኛውን አሠራር ቢነግሩኝ። ማርስ አብሮ ይበስላል? ታናሽ ወንድሜ የዛሬ ሦስት ዓመት በጉበት በሽታ ነው ያረፈው። እኔንም ከዚያ በኋላ ደም ልለግስ በሄድኩበት ጊዜ ጉበትሽን ታዪ ብለውኝ ነበር፤ እርዱ ያጥበዋል ብዬ ተውኩት። ሰሞኑን ደግሞ ባለቤቴ ዓይንሽ ቢጫ ቢጫ ይላል አለኝ። የእርዱ ቀለም ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ድልሁ ይቆየን። ደብዳቤውን የጻፉት ለመጨረሻዋ ጥያቄ ይመስለኛል፤ ከእርሷ ልጀምር።

አይደለም፤ የእርዱ ቀለም አይደለም። እርድ ጣት ያቀልማል፣ ጥፍር ያቀልማል፣ የእንጨት ማንኪያና ነጠላ ላይ ከተነካካ አይለቅም። ሰገራንም ቢጫ ሊያደርግ ይችላል፤ የሚዋጠው ቀለም አብዛኛው ወደ ደም ሳይገባ በአንጀት በኩል ስለሚወጣ ነው። የዓይንን ነጭ ግን አያቀልምም። ዓይን ላይ የሚታየው ቢጫ ቢሊሩቢን ይባላል። ያረጁ ቀይ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ ይፈጠራል፤ ጉበት ከደም ለይቶ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ያስወጣዋል። ጉበት ሲታመም ወይም የሐሞት መተላለፊያ ሲዘጋ መውጫ ያጣና ደም ውስጥ ይከማቻል። ዓይን ላይ እስኪታይ ድረስ ከጤናማው መጠን ሁለትና ሦስት እጥፍ መድረስ አለበት። ስለዚህ ባለቤትዎ ያዩት እውነት ከሆነ ጉዳዩ ቀድሞ ተጀምሯል ማለት ነው።

አሁን መስኮት ዳር ይቁሙ። በቀን ብርሃን ይሁን፤ የማታ አምፖል ሁሉንም ሰው ቢጫ ያስመስላል። ወደ ታች ይመልከቱና ባለቤትዎ የላይኛውን የዓይንዎን ቆብ በጣታቸው ከፍ ያድርጉት። ከቆቡ ሥር ያለው፣ ፀሐይና አቧራ የማያገኘው ነጭ ቢጫ ከሆነ ቢጫ ነው። ጥግ ላይ ብቻ ያለ የደፈረሰ ነገር ብዙ ሰው ላይ ያለ ነው፤ እሱ አያስጨንቅዎ። ቀጥሎ ሽንትዎን ይመልከቱ። ውኃ በደንብ ጠጥተውም እንደ ወፈረ ሻይ ከጠቆረ፣ ሰገራዎ ደግሞ ቀለሙን አጥቶ አመድ ከመሰለ፣ ያለ ሽፍታ ሰውነትዎን የሚያሳክክዎ ከሆነ፣ ምግብ አስጠልቶዎት በቀኝ ጎንዎ ከጎድን አጥንት ሥር የሚከብድዎ ከሆነ ነገሩ የጉበት ወይም የሐሞት ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ አንዱም ባይኖር፣ ዓይንዎም ነጭ መስሎ ቢታይዎት እንኳ፣ ነገ ጠዋት ምርመራ ይሄዳሉ። ይህን በጥያቄ መልክ አላቀረብኩትም።

ድልሁን ደግሞ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ያቁሙ። በሌላ ሥራሥር አይተኩት። ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ በአፍዎ አይዙር። ለራስ ምታትም ሆነ ለሌላ ሕመም በራስዎ ክኒን አይግዙ።

ቢጫነቱ ተረጋግጦ የጎረቤት ሰው ከሰማ ምን እንደሚባል አውቃለሁና ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ። «የወፍ በሽታ ነው፣ የሐኪም ቤት መድኃኒት የለውም፣ መርፌ ከተወጋሽ ትሞቻለሽ» ይባላል። የሌሊት ወፍ በላይሽ አልፋ ነው፣ ሸንታብሽ ነው ይባላል። ከዚያ የሥር ጭማቂ የሚያጠጣ፣ ወይም ቆዳ የሚተኩስ ሰው ይጠራል። እህቴ፣ የሌሊት ወፍ ዓይን አታስለውጥም። የወፍ በሽታ የሚባለው አንድ በሽታ አይደለም፤ የብዙ በሽታዎች አንድ ምልክት ነው። ጉበትን ከሚያጠቁ ቫይረሶች ሄፓታይተስ ኤ እና ኢ በተበከለ ውኃና ምግብ ይመጣሉ፤ ቢ እና ሲ በደም፣ ቢ በግብረ ሥጋም እንዲሁም ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። የሐሞት ጠጠር ቱቦውን ሲዘጋ ዓይን ቢጫ ይሆናል። የቆሽት ዕጢም ያደርገዋል። መድኃኒትና ሥራሥርም ያደርገዋል።

ታዲያ ይህ እምነት ለምን አልለቅ አለ? ኤ እና ኢ የያዛቸው ሰዎች አብዛኞቹ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በራሳቸው ይድናሉ። በሁለተኛው ሳምንት ሥሩን የጠጣ ሰው በአራተኛው ሳምንት ዓይኑ ሲጠራ ምስጋናው ለሥሩ ይሰጣል። ሐሞቱ የተዘጋበት፣ ወይም ቫይረሱ ጉበቱን ለዓመታት ሲያጠነክርበት የቆየው ሰው ግን ያንኑ ሥር ጠጥቶ ይሞታል። «መርፌ ስለተወጋ ነው» የሚለውም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ሰው ሁሉን ሞክሮ ራሱን መሳት ሲጀምር ሆስፒታል ይወሰዳል፣ እዚያ መርፌ ይወጋል፣ እዚያው ይሞታል። የገደለው መዘግየቱ ነው። ቁስሉ እስኪያመረቅዝ የተተኮሰ ሰው፣ ምንነቱ ያልታወቀ ጭማቂ የጠጣ ሰው፣ በታመመ ጉበት ላይ ሌላ መርዝ ጨምሮ ይመጣል። እባክዎ ይህን መንገድ አይሂዱበት፤ ሽማግሌ ቢመክርዎትም፣ እናትዎ ቢያለቅሱም።

አንድ ነገር ደግሞ ሌሊትም ቢሆን መኪና ፈልገው ወዲያውኑ የሚሄዱበት ነው። ዓይን ቢጫ ሆኖ ሳለ ሰው ንግግሩ ከተምታታ፣ ቀን ተኝቶ ሌሊት ከነቃ፣ ደም ካስመለሰ፣ ሰገራው ሬንጅ ከመሰለ፣ ሆዱ ከተነፋ፣ ወይም ቢጫነቱ ከትኩሳት፣ ከብርድ ብርድ ማለትና ከቀኝ ጎን ሕመም ጋር ከመጣ እስኪነጋ አይጠበቅም።

አሁን ወደ ወንድምዎ። የጉበት በሽታ ሁሉ አይወረስም፤ እርስዎም የወንድምዎ ዕጣ ይጠብቀኛል ብለው ሌሊት አይንቁ። ግን በሀገራችን የጉበት መጠንከርና የጉበት ካንሰር ዋነኛ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ሄፓታይተስ ቢ ነው፤ ይህ ቫይረስ በወሊድ ጊዜ ከእናት፣ በልጅነትም ከወንድም ከእህት ይተላለፋል። የኢትዮጵያ ጥናቶች ሲደመሩ ከመቶ ሰው ሰባት ገደማ ተሸክሞታል። ሕፃናት ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በመደበኛው ክትባት ውስጥ ያገኙታል፤ የእርስዎና የወንድምዎ ዕድሜ ግን ያንን አላገኘም። ለዓመታት ምንም ሳያሳምም ይቀመጣል። የተለገሰ ደም ሁሉ ለዚህ ቫይረስ ይመረመራል፤ «ጉበትሽን ታዪ» ያሉዎትም በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ይህ ቃል ተነግሮዎት፣ ወንድምዎን ቀብረው፣ ለአራት ወር በየቀኑ እርድ ማማሰልዎ ያሳዝነኛል። ያስቆጣኛልም። ምርመራው ጥቂት ጠብታ ደም ነው፣ ውጤቱም በዚያው ዕለት ይደርሳል። ድልሁን ለመሥራት ያጠፉት ጊዜ ከዚያ ይበልጣል።

የፈሩት ውጤቱን እንደሆነ ይገባኛል። እንግዲህ ውጤቱ የሚያመጣውን ልንገርዎ። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ደም ውስጥ መኖሩን የሚያሳየው «ኤችቢኤስኤጂ» የሚባለው ምርመራ ነጻ ካሳየና ቀድሞ የተገኘ መከላከያ ከሌለዎት ክትባቱን ሦስት ጊዜ ይወስዳሉ፤ ዛሬ፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከስድስት ወር በኋላ። ቫይረሱ ከተገኘብዎት የጉበት ኢንዛይም፣ የቫይረሱ መጠንና አልትራሳውንድ ይታያል። የተያዘ ሰው ሁሉ መድኃኒት አይጀምርም፤ የሚያስፈልገው ደግሞ ቴኖፎቪር የሚባል ክኒን በቀን አንድ ይወስዳል፣ ቫይረሱ ይታገዳል፣ በየስድስት ወሩ በአልትራሳውንድ ይታያል። ብዙ ሰው እንዲህ ሆኖ ሠርቶ፣ ልጅ አሳድጎ ያረጃል። ባለቤትዎና ልጆችዎም ይመርመሩ። ሄፓታይተስ ቢ በአንድ ገበታ በመብላት፣ በጉርሻ፣ በመተቃቀፍ አይተላለፍም፤ ስለዚህ ሳህን አይለዩ። ምላጭና የጥርስ ብሩሽ ግን ይለዩ።

እርዱ ራሱስ ጉበትዎን ጎድቶ ይሆን? ይቻላል። ጉበት የሚታጠብ ዕቃ አይደለም፤ የሚገባውን ሁሉ ራሱ እያጣራ የሚሠራ አካል ነው፣ የበዛበት ነገርም ይጎዳዋል። አሜሪካ ውስጥ በመድኃኒትና በተጨማሪ ምግቦች የሚመጣ የጉበት ጉዳትን የሚከታተሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ዘገባ በእርድ ጉበታቸው የተጎዳ 10 ሰዎችን መዝግበዋል፤ አምስቱ ሆስፒታል ተኝተዋል፣ አንዱ ሞቷል። ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ የሚታየው መውሰድ ከተጀመረ ከአንድ እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ነው፤ አራት ወርዎ መሆኑን ልብ ይበሉ። ይህ አልጫ ወጥ ውስጥ ስለሚገባው እርድ አይደለም። አልጫውን በሰላም ይብሉ።

ቁንዶ በርበሬው እዚህ ላይ ነው የሚገባው። ኩርኩሚን የሚባለው የእርድ ንጥረ ነገር በራሱ በጣም ጥቂት ብቻ ነው ወደ ደም የሚገባው። እ.ኤ.አ. በ1998 ሕንድ ውስጥ በተደረገ ጥናት 20 ሚሊግራም የቁንዶ በርበሬ ፒፐሪን አብሮ ሲሰጥ ወደ ደም የሚገባው 20 እጥፍ ጨመረ። ፒፐሪን ይህን የሚያደርገው ጉበትና አንጀት ነገሮችን የሚያስወግዱበትን መንገድ በማቀዝቀዝ ነው፤ የሌሎች መድኃኒቶችን መጠንም ደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል። እርስዎ እኩል በእኩል ሲቀላቅሉ በአንዲት የሻይ ማንኪያ ብቻ ከ20 ሚሊግራሙ ያልፋሉ፤ በቀን የሚወስዱት ደግሞ 12 የሻይ ማንኪያ ነው።

ጉበታቸው ጤነኛ ለሆነ አንባቢዎች አሠራሩ ይኸውና፤ እርስዎ ግን ሐኪም እስኪፈቅድልዎ አይሠሩትም። አራት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ እርድ፣ ግማሽ ብርጭቆ ወይም 125 ሚሊሊትር ቀዝቃዛ ውኃ፣ ሁለት ተኩል የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ወይም የወይራ ዘይት፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ አዲስ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ። እርዱን በቀዝቃዛው ውኃ ይበጥብጡት፤ በፈላ ውኃ ላይ ከተነሰነሰ ይጓጉላል። በማይዝግ ብረት ድስት፣ በለስላሳ እሳት፣ ሳያቋርጡ እያማሰሉ ከ7 እስከ 10 ደቂቃ ያብስሉት። «ጥሬ ጥሬ ይለኛል» ያሉት ከዚህ ቀድመው ስለሚያወጡት ነው። ከደረቀ ውኃ በማንኪያ በማንኪያ ይጨመራል። ከእሳት ወርዶ ለብ ሲል ዘይቱና ቁንዶ በርበሬው ይገባሉ፤ በትኩሱ የገባ ዘይት ተለይቶ ከላይ ይቀመጣል። ማር አይበስልም፤ ሲበላ በላዩ ይደረጋል።

የሚሻግተው በሦስት ምክንያት ነው፦ ማሰሮው እርጥብ ነበር፣ እርጥብ ማንኪያ ገብቶበታል፣ ወይም ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቷል። በፈላ ውኃ ታጥቦ በደረቀ ጠርሙስ፣ ፍሪጅ ውስጥ፣ ቢበዛ ሁለት ሳምንት። ሻጋታ ካዩ የላዩን ገፈው የቀረውን አይብሉ፤ ሁሉንም ይድፉት። መጠኑ በቀን ከአንድ እስከ ሁለት የሻይ ማንኪያ ነው፣ ከምግብ ጋር። በባዶ ሆድ ጨጓራ ያቃጥላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ድልህ አንድ ግራም ያህል እርድ፣ 30 ሚሊግራም ገደማ ኩርኩሚን ይይዛል፤ ለ60 ኪሎ ሰው የቀን ጣሪያው 180 ሚሊግራም ነው። የእርስዎ በቀን 360 አካባቢ ይደርሳል።

እርዱን ያልተፈጨውን ገዝተው ያስፈጩት። ሰብረው ሲያዩት ውስጡ ወደ ብርቱካን የሚያደላ፣ ልጣጩ ደግሞ ደብዘዝ ያለ ቡናማ መሆን አለበት። ልጣጩ ራሱ ደማቅ ቢጫ ሆኖ እጅ ላይ ዱቄት የሚተው ከሆነ አይግዙት፤ ባንግላዴሽ ውስጥ ነጋዴዎች ሥሩን እርሳስ ባለበት ቢጫ ቀለም ያሸበርቁት ነበር፣ እርሳስ ደግሞ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል።

የሐሞት ጠጠር ያለበት፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የሚወስድ፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠውን ፌኒቶይን የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ያለው ድልሁን አይውሰዱ። የብረት ክኒን የሚወስዱ በሰዓታት ያራርቁት።

ነገ ሲሄዱ የድልሁን ጠርሙስ ይዘው ይሂዱ፤ ምን ያህል፣ ለስንት ወር እንደወሰዱ ሳይደብቁ ይናገሩ። ወንድምዎ ከምን እንደሞተ የሚል የሆስፒታል ወረቀት ቤት ውስጥ ካለ እሱንም ይያዙ። «ቢሊሩቢን፣ የጉበት ኢንዛይምና የሄፓታይተስ ቢና ሲ ምርመራ» ብለው ይጠይቁ። ባለቤትዎም አብረዎት ይሂዱ፤ የእርሳቸውም ደም በዚያው ይመርመር።