ማሰሮውን መጀመሪያ ገልብጪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ለሳሎን ጌጥ የሚሆን በእጅ የተሠራ ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ልትገዢ ነው። የእጅ ሥራውን ከፋብሪካው በምን ልለየው? ውሃና ትኩስ አበባ ይችላል ወይ? ዓይኔ ያረፈበት ማሰሮ ላይ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ስንጥቅ ናቸው? ነው ያልሽው። ትንሽ ጠመም ማለቱም አላማረሽም። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች ስለ ቀለም ብዙ ብለዋል። ከሶፋው ጋር ይሄዳል አይሄድም የሚለውን ለእነሱ ልተወው። እኔ ሸክላ ስሠራም ስሰበስብም ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ቀለም የማየው መጨረሻ ላይ ነው። ቀለም ብዙ ጉድ ይሸፍናል።

መጀመሪያ አንሺው። በሁለት እጅ፣ አንዱ ከሥር ሆኖ። በመንኮራኩር፣ ማለትም ሸክላ ሠሪ ጭቃውን እያሽከረከረ ቅርጽ በሚያወጣበት ክብ ገበታ ላይ የወጣ ጥሩ ማሰሮ አብዛኛውን ጊዜ ዓይን ከገመተው ቀለል ይላል፤ ሠሪው ጭቃውን ከታች ወደ ላይ በደንብ ስቦታልና። ሆዱ ቀሎ ታቹ ብቻ ከከበደሽ ጭቃው ከሥር ቀርቷል ማለት ነው። ያለ መንኮራኩር፣ የተድቦለቦለ ጭቃ ዙሪያውን እየተደራረበ የተሠራ ከሆነ ግን ትንሽ መክበዱ አያስወቅሰውም። ግድግዳው ገና እርጥብ ሳለ ራሱን መሸከም አለበት።

ከዚያ ገልብጪው። ሻጩ ቅር ቢለው ይበለው። ግሌዝ፣ ማለትም ላዩን የሚሸፍነው የመስታወት ንጣፍ፣ መቀመጫው ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይቀባም፤ ከተቀባ ምድጃ ውስጥ ቀልጦ ከመደርደሪያው ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ የጭቃውን እውነተኛ ቀለም የምታዪው እዚያ ነው። ሠሪው ትርፉን ጭቃ የፋቀበት ክብ ክብ መስመር ካለ ጥሩ ምልክት ነው። መሀሉ ላይ የተጠማዘዘ ስንጥቅ ካየሽ ግን ጭቃው ሲሠራ በደንብ ሳይጠቀጠቅ ቀርቶ፣ ሲደርቅ የተከፈተ ነው። ለጌጥ ይቆማል፤ ውሃ አትጨምሪበት።

አሁን እጅሽን ወደ ውስጥ አስገቢ። በመንኮራኩር የተሠራ ከሆነ የሠሪው ጣት ከታች ወደ ላይ እየተጠማዘዘ የወጣበት ዱካ ይዳሰሳል። በጄሶ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ቀጭን ጭቃ ተፈስሶ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ልሙጥ ነው፤ ውፍረቱም ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት። ከውጭ ጎበጥ ብሎ የወጣ አበባ ቢኖረው ከውስጥ በዚያው ቦታ ጎድጎድ ይላል። በጎኑም ተፍቆ የጠፋ የሚመስል የመጋጠሚያ መስመር ይኖራል፤ ብርሃን ከጎን ሲመታው ብቅ ይላል። እንደዚህ መሥራት ነውር አይደለም፤ አሪፍ አሪፍ አርቲስቶችም ይጠቀሙበታል። ነውሩ "በመንኮራኩር የተሠራ ነው" ብሎ መሸጡ ነው።

ወደ ጠመምታው ልምጣ። ኮሪያ ውስጥ በጆሶን ሥርወ መንግሥት፣ በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዛሬ "የጨረቃ ማሰሮ" የሚባል ነጭ የፖርሴሊን ዕቃ ይሠራ ነበር። ብዙዎቹ ቁመታቸው 40 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። ይህን የሚያህል ክብ ነገር በአንዴ ማውጣት ስለሚያስቸግር ሁለት ትልልቅ ጎድጓዳ ሳህኖች ለየብቻ ተሠርተው አፍ ለአፍ ይጋጠማሉ። እሳት ውስጥ ሲገባ ሆዱ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ መጋጠሚያው ይታወቃል፤ ክቡም ልክክ ያለ ክብ አይሆንም። ሥዕል የለው፣ ቅርጻ ቅርጽ የለው። ብሪቲሽ ሙዚየም ያለውን እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ በርናርድ ሊች እ.ኤ.አ. በ1935 ሴኡል ውስጥ ገዝቶት፣ ኋላ ለረጅም ዓመታት ሸክላ ሠሪዋ ሉሲ ሪ ዘንድ ቆይቷል። እነዚያን የመሰሉ ባለሙያዎች ዓይናቸውን የጣሉበት ይህ ጠመም ያለ ማሰሮ ነው።

ጠማማ ሁሉ ያምራል አላልኩም። ጠረጴዛ ላይ የሚንገዳገድ ማሰሮ ደካማ ሥራ ነው፤ "ተፈጥሯዊ ውበት ነው" ቢሉሽ አትስሚ። ክዳኑ የማይገጥምም እንደዚያው። በነገራችን ላይ ክዳን ያለው ጥሩ ማሰሮ ካገኘሽ ሙያውን አክብሪለት። ጭቃ ደርቆና ተቃጥሎ እስኪወጣ መጠኑ 10 በመቶ አካባቢ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ክዳንና አፍ እኩል ቀንሰው ተገጣጥመው መውጣታቸው ቀላል አይደለም።

ጌጡን ስታዪ ከቅርጹ ጋር መስማማቱን እዪ። ናይጄሪያዊቷን ላዲ ክዋሊን ፈልገሽ ተመልከቺ፤ ምስሏ በ20 ናይራ የብር ኖት ጀርባ ላይ አለ። ማሰሮዎቿን በእጅ እየደራረበች ትሠራና ገና ሳይደርቁ እንሽላሊት፣ ጊንጥና መስመሮች ትቀርጽባቸው ነበር። ቅርጾቹ የማሰሮውን ሆድ ተከትለው ይዞራሉ፤ ሆዱ ሲሰፋ ይሰፋሉ፣ አንገቱ ጋ ሲደርሱ ይሰበሰባሉ። ብዙ ገበያ ላይ ያለው ጌጥ ግን ለጠፍጣፋ ወረቀት ተስሎ ማሰሮ ላይ የተለጠፈ ነው፤ ትከሻው ላይ ሲደርስ ይሸበሸባል። ኬንያ የተወለደችው ማግዳሊን ኦዱንዶ ደግሞ ጨርሶ ግሌዝ አትቀባም። ላዩን አሽታ አሽታ ታለሰልሰዋለች፤ ቀለሙን የሚሰጠው እሳቱ ነው። አየር እንደልብ ካገኘ ብርቱካናማ ቀይ ይሆናል። አየር ታፍኖ በጭስ ከተቃጠለ ያው ጭቃ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ቀለም የለም፤ የግል ስሜቴ ነው ብለሽ ውሰጂው።

ውሃውን በተመለከተ፣ ወሳኙ ማሰሮው የተቃጠለበት ሙቀት ነው። ከ1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የተቃጠለ ጭቃ በአብዛኛው ውስጡ ተዋህዶ ይጠጥራል፤ ውሃ አያሳልፍም። ከ1,100 በታች የሆነው ተራ ቀይ ሸክላ ግን ቀዳዳው ብዙ ነው። ውስጡ ግሌዝ ቢቀባም ቀስ እያለ ያሰርጋል፤ መቀመጫው ሥር ያለው እንጨት ይበላሻል፣ የማሰሮው ግድግዳ ላይም ነጭ ጨው ይወጣል። ሻጩ የሙቀቱን ነገር ካላወቀ ቤት ወስደሽ ውሃ ሙይውና ወረቀት ላይ አሳድሪው። ጠዋት ወረቀቱ ከረጠበ መልሱን አገኘሽ። በጭስ የጠቆረውንና ራኩ የሚባለውን፣ እንደጋለ ከምድጃ የሚወጣውን፣ መሞከርም አያስፈልግም፤ ያሰርጋሉ። አበባ ካማረሽ ውስጡ ብርጭቆ አስገቢና ውሃውን ብርጭቆው ውስጥ አድርጊ።

ቀጫጭኖቹ መስመሮች በሁለት ይከፈላሉ። መረብ ሠርተው ግሌዙን ብቻ የሸፈኑ ከሆነ ምክንያቱ ግሌዙ ሲቀዘቅዝ ከጭቃው በላይ መኮማተሩ ነው፤ ይወጠርና ይሰነጣጠቃል። ምድጃ ከተከፈተ ከወራት በኋላ እንኳ መደርደሪያ ላይ "ቲንግ" ሲል ሰምቼ አውቃለሁ። በቻይና በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ለቤተ መንግሥት የተሠሩ ዕቃዎች ላይ ይህ መረብ ሆን ተብሎ የተፈለገ ጌጥ ነበር። ለጌጥ ማሰሮ ምንም አይደለም። ከከንፈሩ ቁልቁል የወረደ፣ ከውጭም ከውስጥም የሚታይ አንድ ነጠላ መስመር ከሆነ ግን ገላው ራሱ ተሰንጥቋል፤ ተዪው። ከተጠራጠርሽ በጣትሽ አንጓ አንኳኪው። በከፍተኛ ሙቀት የተቃጠለ ደህና ማሰሮ ጥርት ብሎ ይጮኻል። ዝቅተኛ ሙቀት ያየው በተፈጥሮው ድፍን ያለ ድምፅ ስላለው በዚያ ብቻ አትፍረጂበት፤ የሚንሸዋሸው ወይም የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ነው የስንጥቅ ምልክት።

ለጌጥ ተብሎ በተሸጠ ማሰሮ ውስጥ ምግብ አታስቀምጪ፤ በተለይ ጎምዛዛ ነገር። አንዳንድ ግሌዝ እርሳስ አለበት።

አቀማመጡ ላይ፣ ትልቁን ማሰሮ ከዓይንሽ በታች አድርጊው። ትከሻውና አፉ የሚታየው ያኔ ነው። ከመስኮት ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ብርሃን ያግኘው፤ የእጅ ዱካው ይወጣል። መቀመጫው ጠባብ ሆኖ ላዩ ሰፊ ከሆነ ውስጡ ትንሽ አሸዋ ጨምሪበት፤ ሰው ነክቶት ቢያልፍ አይወድቅም። ግሌዝ የሌለውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ጥረጊው፤ ዘይትና የዕቃ ማስወልወያ ይጠጣና ቦታ ቦታ ይጠቁራል። ስታዛውሪው አንገቱን ወይም ጆሮውን ይዘሽ አታንሺ፤ በብዛት የሚለቀው የተለጠፈው ጆሮ ነውና።