በአሮጌው የሻርፕ ቺፕ ላይ ሌላ ጌም መጫን ይቻላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አሮጌ የኒንቴንዶ ጌም ኤንድ ዋች (በእጅ የሚያዝ ትንሽ የጌም መጫወቻ) አግኝቼ ከፈትኩት። ውስጡ ሻርፕ የሚል አንድ ቺፕ ብቻ ነው ያለው። ሲበራ አንዳንዶቹ ስዕሎች አይታዩም። ቺፑ ሞቷል ማለት ነው? ደህና ከሆነስ ሌላ ጌም ልጭንበት እችላለሁ?

መልስ፦ ሁለተኛውን ላስቀድምና፣ አትችልም። ቺፑ የሻርፕ ኤስኤም5 ቤተሰብ ነው። የመጀመሪያው ጌም፣ በ1980 (እ.ኤ.አ.) የወጣው «ቦል»፣ ኤስኤም5ኤ ይዞ ነበር፤ በኋላ ኤስኤም510 ተከተለ። ፕሮግራሙ ፋብሪካ ውስጥ ከሲሊከኑ ጋር አብሮ የተሠራ ስለሆነ አይጠፋም፣ አይቀየርም።

ቢቀየርም አይጠቅምህም። ስዕሎቹ ያሉት ቺፑ ውስጥ ሳይሆን የስክሪኑ መስታወት ላይ ነው። ኤስኤም510 እያንዳንዳቸው 4 ቢት (0 ወይም 1 የሚሆን አሃዝ) የሚይዙ 128 የማስታወሻ ቦታዎች አሉት። የመጨረሻዎቹ 32 ስክሪኑ ናቸው፤ አንዱ ቢት 1 ሲሆን አንድ ስዕል ብቅ ይላል፣ 0 ሲሆን ይጠፋል። በቃ! መሳል የሚባል ነገር የለም።

እኔን የሚገርመኝ ግን የትእዛዝ ቆጣሪው፣ ማለትም ቀጥሎ የትኛው የፕሮግራሙ ትእዛዝ እንደሚሠራ የሚይዘው ክፍል ነው። 1፣ 2፣ 3 እያለ አይቆጥርም። ቢቶቹን ወደ ጎን ገፍቶ በክፍቱ ቦታ አዲስ ቢት ያስገባል። ቁጥሮቹ የተዘበራረቁ ይመስላሉ እንጂ ዙሩ ሳያልቅ አይደገሙም። በተራ ለመቁጠር አንድ እየጨመረ የሚሄድ ደማሪ ሰርኪዩት ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ቦታ ይፈጃል፤ ይሄኛው ጥቂት ትራንዚስተር ይበቃዋል። እንዲህ ያለ ቆጣቢ መሐንዲስ ነፍሴ ነው።

የቺፑን ምት የሚሰጠው ክሪስታል የእጅ ሰዓት ላይ ያለው፣ በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገበው (32,768 ኸርዝ) ነው። ይህን 15 ጊዜ ለሁለት ስትከፍለው ልክ አንድ ሰከንድ ይመጣል። ጌሙ ሰዓትም የሆነው በዚሁ ነው።

ወደ ብልሽቱ ስንመጣ፣ ድምፅ ካለና ጌሙ ከሄደ ቺፑን ተወው። ከቺፑ ወደ ስክሪኑ የሚሄድ አንድ መስመር እስከ 4 ስዕል ያበራል። መስመሩ ሲቋረጥ እነዚያ አንድ ላይ ይጠፋሉ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው መስታወቱን ከቦርዱ የሚያገናኘው ባለመስመር ጎማ ነው። ባትሪውን አውጣ። የጎማውን ሁለት ፊትና የቦርዱን መስመሮች በአይሶፕሮፒል አልኮል በነካ ጥጥ ቀስ ብለህ ጥረግ። ሲደርቅ ግጠመውና ብሎኖቹን እኩል አጥብቅ፤ አንዱ ከላላ ያው ችግር ይመለሳል። የባትሪ ማቀፊያው ላይ አረንጓዴ ዝገት ካለ እሱንም አንሳው። የብየዳ ካውያ ግን መስታወቱ አጠገብ እንዳታደርስ።