የአፍሪካና የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ስለማስተማር ጠይቁኝ (ከደሴ)

መምህሩ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ደሴ ሆኜ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካና የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ነው የማስተምረው። ዛሬ ክላስ የለኝም፣ ጠይቁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልበል፣ ተማሪ መጽሐፉን ሳያነብ ማጠቃለያ አትስጡት።

ጢጣ፦ እንደምን ዋሉ መምህር። ዘንድሮ ገና ተቀጥሬ ሁለቱንም ኮርስ ሰጡኝ፣ አንደኛ ሴሚስተር ብሪቲሹን ሁለተኛ ሴሚስተር አፍሪካውን። ከየት ልጀምር?

መምህሩ፦ እንኳን ደስ አለሽ እታለም። መጀመሪያ እንደ ሁለት የማይተዋወቁ ኮርሶች አትያቸው። የናይጄሪያው ደራሲ አቼቤ በ1958 ያወጣው ልብ ወለድ ቲንግስ ፎል አፓርት ርዕሱ የአየርላንዱ ገጣሚ የዬትስ ግጥም ላይ ያለ ስንኝ ነው፣ በ1960 የወጣው ሌላው ልብ ወለዱ ኖ ሎንገር አት ኢዝ ደግሞ ከገጣሚው ከኤሊየት ግጥም የተወሰደ ነው። ሰውየው በቅኝ ገዢው ቋንቋ የተጻፈውን ግጥም አንብቦ ጨርሶ ነው መልስ የጻፈው። ስለዚህ አንደኛ ሴሚስተር ላይ የዬትስን ግጥም በደንብ አስነብቢያቸው፣ ሁለተኛው ላይ አቼቤ ጋ ስትደርሱ ራሳቸው ያገኙታል። አንቺ ቀድመሽ አትንገሪያቸው።

ኩታበር፦ ሥነ ጽሑፍን እንዴት ነው ማስተማር የሚቻለው?

መምህሩ፦ እንዲህ ብለህ ከጠየቅከኝ ምን ልመልስልህ ወንድሜ። የትኛው መጽሐፍ፣ ስንተኛ ዓመት፣ ስንት ተማሪ፣ ስንት ኮፒ አለህ? እሱን ጽፈህ ተመለስ።

ተመራቂ፦ ኤግዚት ኤግዛም ላይ ከሥነ ጽሑፍ የሚወጣው የቱ ነው? አጭር ኖት ካለዎት

መምህሩ፦ የለኝም። መጽሐፎቹን አንብብ።

ሸዋ በር፦ ይቅርታ መምህር ግን ብሪቲሽ ሥነ ጽሑፍ ለወሎ ልጅ ምን ያደርግለታል? ስለማያውቀው አገር ስለ ለንደን እያነበበ አራት ዓመት ከሚፈጅ

መምህሩ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ግሸንን ታውቃለህ አይደል፣ አምባሰል ላይ ያለችው፣ መስከረም 21 ሕዝቡ የሚተምባት። በድሮ ጊዜ የነገሥታቱ ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ እዚያ አምባ ላይ ይጠበቁ ነበር። ወሬው በፖርቱጋል ተጓዦች በኩል አውሮፓ ገባ፣ እየተጋነነ ሄዶ ሄዶ ገነት የመሰለ ተራራ ተደረገ። እንግሊዛዊው ገጣሚ ሚልተን በ1667 ባሳተመው ረጅም ግጥም በፓራዳይዝ ሎስት አራተኛው መጽሐፍ ላይ የሐበሻ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚጠብቁበት የአማራ ተራራ እያለ ያነሳዋል። የሌላው እንግሊዛዊ ገጣሚ የኮልሪጅ ግጥም ኩብላ ካን ላይ የምትዘፍን የሐበሻ ልጅ አለች፣ የምትዘፍንለት ተራራ በእጅ ጽሑፉ አማራ የነበረ ነው፣ በ1816 ሲታተም አቦራ ሆነ።

ከሁሉም ግን እኔ የምወደው እንግሊዛዊውን ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰንን ነው። አገራችንን ረግጦ አያውቅም፣ በወጣትነቱ የፖርቱጋሉን ቄስ የሎቦን የሐበሻ ጉዞ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 አሳተመ፣ ከዚያ በ1759 ራሴላስ የሚባለውን ልብ ወለድ ጻፈ። ራሴላስ የሐበሻ ልዑል ነው፣ በአማራ ግዛት በተራራ በታጠረ ሸለቆ ውስጥ ሁሉ ሞልቶለት ይኖራል፣ ይሰለቸዋል፣ ተራራውን ቆፍሮ ከእህቱ ከነቃያና ከገጣሚው ከኢምላክ ጋር ይወጣና ካይሮ ወርደው ደህና ኑሮ የቱ እንደሆነ ሰው ሲጠይቁ ይዞራሉ። ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል።

ክላስ ላይ የመጀመሪያው ምዕራፍ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ከዚያ ግሸን የወጣ ማነው ስል ሁሌም የሚያወራ አይጠፋም፣ ስለ መንገዱ ስለ ገደሉ ስለ ብርዱ ይናገራል፣ ጆንሰን ከጻፈው ሸለቆ ጋር አይገናኝም። ታዲያ ይሄ ሰው ስለ ማን ነው የጻፈው ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። ክርክሩ እዚያ ይነሳል። ክርክሩ ሞቆ እያለ የአቼቤን የ1975 ንግግር አመጣለሁ፣ ደራሲውን ኮንራድን ሃርት ኦፍ ዳርክነስ በሚለው ልብ ወለዱ ላይ አፍሪካን የአንድ አውሮፓዊ አእምሮ መፍረሻ መድረክ አድርጎ ሰዉን ከሰው ተራ አወጣው ብሎ የከሰሰበትን። ጆንሰንስ? እሱም አገራችንን መድረክ አድርጓል፣ ግን የሐበሻውን ልዑልና ገጣሚውን የሚያስቡ፣ የሚከራከሩ፣ የሚሳሳቱ ሰዎች አድርጎ ነው ያቆማቸው። ልዩነቱን ተማሪው ራሱ ከገጹ አውጥቶ ያሳየኝ፣ እኔ የምፈልገው ይሄንን ነው። እና ወንድሜ፣ ለወሎ ልጅ ምን ያደርግለታል ላልከው፣ ከሌላ አገር ልጅ በላይ ያገባዋል።

ባቲ፦ አምባሰል ሲባል እኔ ቅኝቱ ነው የሚመጣብኝ 😀 ባቲንም አትርሱን

ሸዋ በር፦ ባቲ ከአምባሰል ይበልጣል እንዳትለን ብቻ

ባቲ፦ ይበልጣል እንጂ!!

መምህሩ፦ ቅኝቱን ሌላ ቀን። ወደ ጥያቄያችሁ።

ወልድያ፦ ሚልተን ስማችንን ጠራ ብሎ ደስ መሰኘት ግን ራሱ ቅኝ መገዛት አይደለም? የኬንያው ደራሲ ንጉጊ የእንግሊዝኛ ዲፓርትመንት ይፍረስ ብሎ የለ እንዴ። ለምን በአማርኛ በኦሮምኛ አናስተምርም?

ሐይቅ ዳር፦ ወልድያ አንተ ራስህ በእንግሊዝኛ ተመርቀህ ነው ደሞዝ የምትበላው። አቼቤ በእንግሊዝኛ ባይጽፍ ኖሮ እኔና አንተ እናውቀው ነበር?

ወልድያ፦ ተርጉመን እናውቀው ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ በእንግሊዝኛ ስላልጻፉ አነሱ?

ሐይቅ ዳር፦ አነሱ አላልኩም፣ ናይሮቢ ያለ ተማሪ አያውቃቸውም ነው ያልኩት

መምህሩ፦ ሁለታችሁም ቆዩ። በ1968 ናይሮቢ ላይ ንጉጊ፣ ኦውር አንዩምባና ታባን ሎ ሊዮንግ ያቀረቡት ሐሳብ እንግሊዝኛ አይነበብ የሚል አልነበረም። እንግሊዝ መሀል ተቀምጣ ሌላው ዳር ዳር የሚዞርበት አደረጃጀት ይቅር፣ አፍሪካ መሀል ትሁን፣ የቃል ሥነ ጽሑፍ መሠረት ይሁን፣ የሌላውም ዓለም ከዚያ ተነስቶ ይነበብ ነው። የሚጠቅስ ብዙ ነው፣ ወረቀቷን ግን አንብቡ፣ አጭር ናት። ሚልተንን የማስነብበው ልንኩራራበት አይደለም፣ ስለ እኛ የተባለውን አንብቦ መልስ መስጠት የሚችል ተማሪ ስለምፈልግ ነው።

የቃል ሥነ ጽሑፍ ካላችሁ ደግሞ ወሎ ላይ ተቀምጦ ማቴሪያል የለም ማለት ነውር ነው። መንዙማው አለ፣ የሼህ ሁሴን ጅብሪል ግጥም በየቤቱ በቃል ይባላል፣ የለቅሶው ሙሾ አለ። አፍሪካን ሥነ ጽሑፍ ስጀምር ተማሪው ካያቱ ወይ ከጎረቤት ሰምቶ ቀድቶ ይመጣል፣ ማን እንደነገረው መቼ እንደሚባል ይጽፋል፣ ከዚያ የዑጋንዳውን ገጣሚ የኦኮት ፒቢቴክን ሶንግ ኦፍ ላዊኖ እናነባለን፣ እሱም መጀመሪያ በአቾሊ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ክላስ ላይ በአማርኛ ይከራከሩ፣ ጽሑፉን በእንግሊዝኛ ያምጡ። እዚህ ላይ ከብዙ ባልደረቦቼ ጋር አንስማማም፣ ግን አልለውጥም፣ ሐሳቡ መጀመሪያ ይምጣ።

ኩታበር፦ እሺ መምህር ተመልሻለሁ። ሦስተኛ ዓመት፣ 60 ተማሪ፣ ቲንግስ ፎል አፓርት፣ ላይብረሪ ውስጥ 4 ኮፒ

መምህሩ፦ አብሽር፣ አሁን ጥያቄ ሆነ። መጽሐፉ 25 ምዕራፍ ነው፣ አጫጭር ናቸው። ለአራት ቡድን ከፍለህ አንዱን ኮፒ በየቡድኑ ስጥ፣ እነሱ እየተሰበሰቡ ጮክ ብለው ያንብቡ፣ አንዱ ሲያነብ ሌላው ይስማ። ክላስ ላይ አንድ ገጽ ብቻ ይዘህ ግባ። ኦኮንኮ ቤት ያደገው ልጅ ኢኬሜፉና የሚገደልበትን ምዕራፍ ሰባትን አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ስጠው፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ኦኮንኮ ለምን ገጀራውን እንደሰነዘረ ከዚያው ገጽ ዓረፍተ ነገር እየጠቀሱ ይመልሱ። ያልጠቀሰ አይናገርም። ራሴላስና ኮንራድ የባለቤትነት ጊዜያቸው ስላለፈ ፕሮጀክት ጉተንበርግ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ፣ በስልክም ይነበባሉ።

ተመራቂ፦ መምህር የቲንግስ ፎል አፓርት ሳመሪ በአማርኛ ያለው ሰው ካለ በውስጥ መስመር

መምህሩ፦ ምን ስል ነው የዋልኩት? ማንም እንዳይልክለት። 25 አጫጭር ምዕራፍ ነው፣ ዛሬ ማታ ሦስቱን ጀምር።

ገራዶ፦ ለማስተርስ ስኮላርሺፕ የት ይሻላል? ደሞዙስ ያዋጣል?

መምህሩ፦ እሱን የሚያውቅ ሌላ ሰው ጠይቁ።

ጢጣ፦ የመጨረሻ ልጠይቅ፣ ከሼክስፒር የቱን ላስቀድም?

መምህሩ፦ ኦቴሎን። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሶታል፣ ካገኘሽው ሦስተኛው ገቢር ላይ ተንኮለኛው ኢያጎ ኦቴሎ ላይ ጥርጣሬ የሚዘራበትን ትዕይንት መጀመሪያ በአማርኛ ተነስተው ይጫወቱት፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ። ጊዜ ከተረፈሽ የሱዳኑን ደራሲ የጠይብ ሷሊህን ልብ ወለድ ሲዝን ኦፍ ማይግሬሽን ቱ ዘ ኖርዝ ጨምሪበት፣ 1966 በዓረብኛ የወጣ ነው፣ ለንደን የሄደው ገጸ ባሕርይ ሙስጠፋ ሰዒድ ራሱን ከኦቴሎ ጋር የሚያነሳበት ቦታ አለ። ዓረብኛ የሚያነብ ተማሪ ካለሽ፣ እዚህ አይጠፋም፣ ያንን ገጽ በዓረብኛ አንብቦ ለክላሱ ይንገር። ሁለቱን ጽሑፍ በአንድ ሳምንት አድርጊያቸው፣ ከተራራቁ ይረሱታል።