ቁጥር፣ ምስል ወይስ የሥራ ገበያ?

ጥያቄው ባጭሩ፦ «በሒሳብ ከተመረቅኩ ዓመት ሞላኝ። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ረዳት ምሩቅ ነኝ። ማስተርስ ልጀምር ነው። የምወደው ነምበር ቲዎሪ (የሙሉ ቁጥሮችን ባሕርይ የሚያጠና ሒሳብ) ነው። ጓደኞቼ ‹ምስል ትንተና ያዝ፣ ገበያው እሱ ነው› ይሉኛል። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ወደ ሌበር ኢኮኖሚክስ (የሥራና የደመወዝ ጥናት) ዙር ይለኛል። እናቴን የምረዳት እኔ ነኝ። የቱን ልምረጥ?»

ወዳጄ፣ ሦስቱን ጨርሶ እንደማይገናኙ አድርገህ ነው የጻፍክልኝ። ይገናኛሉ። ፈረንሳዊው ኢቭ ሜየር በወጣትነቱ የሠራው ነምበር ቲዎሪን የሚነካ ሒሳብ ነበር። ኋላ ወደ ዌቭሌት ዞረ፤ ምስልን ለመጭመቅና ለማጥራት የሚያገለግል ሒሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ትልቁን የሒሳብ ሽልማት፣ አቤልን፣ ያገኘውም በእሱ ነው። የሒሳብ ሊቁን ቴረንስ ታኦንም ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ2004 ከቤን ግሪን ጋር ስለ ፕራይም ቁጥሮች (ከአንድና ከራሳቸው በቀር ለሌላ ቁጥር የማይካፈሉ) ትልቅ ውጤት አረጋገጠ። በዚያው ሰሞን ከኢማኑኤል ካንዴስ ጋር የሠራው ደግሞ የሰውነትን ውስጥ በማግኔት የሚያነሳውን የኤምአርአይ ምርመራ ለማፋጠን ጠቅሟል።

ልብ በልልኝ፣ የሁለቱም ጉዞ ከንጹህ ሒሳብ ወደ ተግባራዊው ነው። በሠላሳ አምስት ዓመቱ ከኢኮኖሚክስ ተነስቶ ነምበር ቲዎሪ የሚጀምር ሰው ብዙም አታገኝም። ስለዚህ የማስተርስህን መሠረት ከሒሳብ አታውጣው።

ነምበር ቲዎሪ እንጀራ አይሆንም የሚሉህ ግን ግማሽ እውነት ይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1977 የተፈጠረው አርኤስኤ የተባለው የምስጢር መጠበቂያ የቆመው በፕራይም ቁጥሮች ላይ ነው። ሁለት ትልልቅ ፕራይሞችን ማባዛት ቀላል ነው፤ ከብዜቱ ተነስቶ ሁለቱን መልሶ ማግኘት ግን ጭንቅ ነው። ሆኖም ባንክ የሚቀጥረው ዘዴውን በትክክል የሚተክልለትን ሰው እንጂ አዲስ ቲዎረም (የሒሳብ ሕግ) የሚያረጋግጥ ሰው አይደለም። ምርምሩ ያለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፤ ቦታውም ጥቂት ነው። የሒሳብ ተመራማሪው ይታንግ ዣንግ እ.ኤ.አ. በ1991 ፒኤችዲውን ከያዘ በኋላ ለዓመታት የዩኒቨርሲቲ ሥራ አጥቶ ሳንድዊች ቤት ሁሉ ሠርቷል። ዓለም ያወቀው በ2013 ነው፤ ልዩነታቸው ከ70 ሚሊዮን የማይበልጥ የፕራይም ጥንዶች ማለቂያ እንደሌላቸው ሲያረጋግጥ። ታሪኩ ሲነበብ ደስ ይላል። እናቱን ለሚረዳ ልጅ ግን የሥራ ዕቅድ አይሆንም።

ወንድምህም አልተሳሳተም። እ.ኤ.አ. በ1992 ኒው ጀርሲ ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር ከፍ አደረገች፤ ጎረቤቷ ፔንሲልቫኒያ ሳትነካው ቀረች። ኢኮኖሚስቶቹ ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገር በሁለቱ ግዛቶች ከ400 በላይ ፈጣን ምግብ ቤቶችን አነጻጸሩ። ቅጥር ይቀንሳል ተብሎ ነበር፤ አልቀነሰም። ካርድ በ2021 ኖቤል ሲሸለም ክሩገር በሕይወት አልነበረም። ወደ እኛ እንምጣ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚከልስ የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይላል። እንዲህ ያለ ውሳኔ በፋብሪካው፣ በካፌው፣ በቤት ሠራተኛዋ ላይ ምን ያስከትላል ብሎ የሚመረምር ሰው ያስፈልጋል። እነ ኢኮኖሚስቱ ግሩም አበበ አዲስ አበባ ላይ ለአንድ የሥራ ፈላጊዎች ቡድን የትራንስፖርት ገንዘብ፣ ለሌላው የሲቪና የቃለ መጠይቅ ሥልጠና ሰጥተው ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ በገቢ ላይ ለውጥ የታየው በሥልጠናው ነው። (ሙያዬ ነውና ይህን ጥናት ብወደው አይግረምህ።)

የዚህ ዘርፍ ሒሳብ አያስቸግርህም። የሚያስቸግርህ ሌላው ነው። መጠይቅ ይዞ በር ማንኳኳት አለ። «ገቢዬ አይነገርም» የሚል ሰው አለ። የተዘበራረቀ ዳታ ማጽዳት ወራት ይበላል። ከሰው ጋር መዋል የማያስደስትህ ከሆነ አትግባበት።

ምስል ትንተናን በተመለከተ ጓደኞችህ ስለ ገበያው ልክ ናቸው። ግን ብዙ ሰው በዚህ ስም የሚሠራው የተዘጋጀ ፕሮግራም ማስኬድ ነው። አንተ ከዚያ ትሻላለህ። ሲቲ ስካን የቆመበትን ሒሳብ ዮሐን ራዶን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው፤ ማሽኑ የመጣው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። ምስሉ ለምን እንደሚደበዝዝ በሒሳብ የሚገባው ሰው በሆስፒታልም በሳተላይት ምስልም ይፈለጋል።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይኸው። ማስተርስህን በሒሳብ ክፍል ሥር፣ በፎሪየር አናሊሲስ (ምስልን ወይም ድምፅን ወደ ሞገዶች የሚበትን ሒሳብ) በኩል በምስል ላይ ሥራ። ፎሪየር ለነምበር ቲዎሪም መሣሪያ ነውና ፍቅርህን አትቀብረውም። ጎን ለጎን ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ልመድ። ኢኮኖሚክሱን ለመሞከር አንድ የኢኮኖሜትሪክስ (ኢኮኖሚን በዳታ የመለካት ዘዴ) ኮርስ ይበቃሃል።

ለስኮላርሺፕ ኪጋሊና ኬፕታውን ያሉትን የኤይምስ (የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም) ማዕከላትና ጣሊያን፣ ትሪየስት ያለውን የአይሲቲፒ (ዓለም አቀፍ የቲዎሪቲካል ፊዚክስ ማዕከል) የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ተመልከት። ከመፈረምህ በፊት ግን ዩኒቨርሲቲህን በጽሑፍ ጠይቅ። ትምህርት ላይ ሳለህ ደመወዝህ ይቀጥላል ወይ? ስትመለስ ስንት ዓመት የማገልገል ግዴታ አለብህ? የእናትህን ነገር የሚወስነው የእነዚህ መልስ ነው፤ መልሱን ስታገኝ ጻፍልኝ።