መብራት ከመጣ በኋላ ቪሴንተሩ እምቢ አለ

ጥያቄ፦ እንዴት ናችሁ? ደብረ ማርቆስ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ክፍል እይዛለሁ። ትናንት መብራት ሄዶ ሲመለስ ቪሴንተሩን (ቨርቹዋል ማሽኖቹን የማስተዳድርበትን የቪኤምዌር ሶፍትዌር) በብሮውዘር ስከፍተው 503 (አገልግሎቱ የለም የሚል ስህተት) ይለኛል። ቨርቹዋል ማሽኖቹ (ሰርቨሩ ውስጥ እንደ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር የሚሠሩት) ግን በራሳቸው ተነስተው እየሠሩ ነው። አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጫነው?

መልስ፦ ኧረ ተው ወንድሜ! ቪሴንተር አስተዳዳሪ ብቻ ነው። ማሽኖቹ የሚሮጡት ኢኤስኤክስአይ (ሰርቨሩ ላይ በቀጥታ የሚጫነው ሲስተም) ላይ ስለሆነ እሱ ቢተኛም እነሱ ሥራቸውን አያቆሙም። መጀመሪያ ሩብ ሰዓት ያህል ታገሠው፣ ሰርቪሶቹ (ውስጡ ያሉት ፕሮግራሞች) ለመነሳት ጊዜ ይወስዳሉ።

እምቢ ካለ በቀጥታ ወደ ኢኤስኤክስአዩ ግባና ሰዓቱን እይ። የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቶ ከሆነ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል፤ ያኔ ሰርተፊኬቱ (የሲስተሙ ዲጂታል መታወቂያ) ጊዜው ገና አልደረሰም ተብሎ ውድቅ ይሆናል፣ መግባትም የለም። ሰዓቱን አስተካክል፣ ኤንቲፒውን (ሰዓቱን ከኔትወርክ የሚያስተካክለውን) አብራ፣ ባትሪውን ቀይር።

ሰዓቱ ደህና ነው? በብሮውዘር በ5480 ፖርት ወደ ቪሴንተሩ የራሱ ማስተካከያ ገጽ ግባና ዲስኩን ተመልከት። የሎጉ (የሥራ መዝገቡ) ቦታ ጢም ብሎ ከሞላ ሰርቪሶቹ አይነሱም። ዲኤንኤስህም (ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚቀይረው) እዚያው ያለ ቨርቹዋል ማሽን ከሆነ እሱ ይቅደም፣ ቪሴንተሩን ከዚያ በኋላ አስነሳው። ብቻ አደራህን፣ ምንም ከመነካካትህ በፊት የቪሴንተሩን ስናፕሾት (ቢበላሽ ወደ ኋላ የምትመለስበትን) ያዝ።