መልስ፦ ከመልቀቅዎ በፊት ፈቃድዎን ይጠይቁ

ጤና ይስጥልኝ። ከቱሉ ዲምቱ ጎህ ሳይቀድ ወጥተው ቃሊቲ በሚገኝ ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል እንደሚሠሩ፣ እሑድን ሙሉ ተኝተው ቢውሉም ድካሙ እንደማይለቅዎና ይወዱት የነበረው ሥራ እንዳንገፈገፈዎ ገልጸው፣ «ልልቀቅ ወይ?» ብለው ጠይቀዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 እንዲህ ያለውን መዛል በሽታ ሳይሆን በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ጫና የሚመጣ ሁኔታ ብሎ መድቦታል። ስለዚህ ስንፍና ነው ብለው ራስዎን አይውቀሱ፤ ጫናው ራሱ ካልቀነሰም እንቅልፍ ብቻውን አይፈታውም።

በእኔ እምነት ከመልቀቅ በፊት ፈቃድ መጠየቅ ይቀድማል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመትም 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ብዙዎቻችን ግን ፈቃዳችንን ለሠርግና ለለቅሶ አንድ አንድ ቀን እየቆነጠርን ስለምንጨርሰው ሳናርፍ ዓመቱ ያልቃል፤ እርስዎ ቢያንስ አንድ ሳምንት በተከታታይ ይውሰዱ። ሲመለሱም ወር መዝጊያ ላይ የሚደራረቡብዎትን ሥራዎች፣ ማለትም የባንክ ማስታረቂያውን፣ የደመወዝ ዝርዝሩንና የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያውን፣ እያንዳንዱ ከሚወስደው ሰዓት ጋር በወረቀት አስፍረው የትኛውን ሌላ ሰው ሊይዝልዎ እንደሚችል ከኃላፊዎ ጋር ይነጋገሩ፤ «ሥራ በዛብኝ» ከሚል አቤቱታ ይልቅ እንዲህ ያለው ዝርዝር ይደመጣል።

እንቅልፍ ጨርሶ እምቢ ካለዎት ወይም ተስፋ መቁረጡ ከሥራ ውጭም ከተከተለዎት ግን ፈቃዱን ሳይጠብቁ ሐኪም ያማክሩ።