ባሌ በ46 ዓመቱ ሮለር ኮስተር አልጠግብ አለ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ባለቤቴ 46 ዓመቱ ነው፤ የ14 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉን። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሲዝን ፓስ (ወቅቱን ሙሉ የሚያስገባ ትኬት) አውጥቶ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ቨርጂኒያ ወዳለው ኪንግስ ዶሚኒየን የመዝናኛ ፓርክ ይወስደናል። ሌላውን ልሞክር አይልም፤ ፓንቴሪያን የሚባለውን ሮለር ኮስተር (በከፍታ ሐዲድ ላይ እየወጣ እየወረደ የሚበርር የመዝናኛ ባቡር) ብቻ አምስት ጊዜ ይሳፈራል። ትልቁ ልጅ ይከተለዋል፤ እኔ ቦርሳ ይዤ ከትንሿ ጋር እቀመጣለሁ። አንድ ቀን አብሬው ብወጣ አስመለሰኝ። የማኅበር ሴቶች «ልጅነቱን ሳይጨርስ አገባሽው» እያሉ ይስቁብኛል። ከእኛ እየሸሸ ይሆን? ወይስ የአእምሮ ችግር ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጻፍሽው ውስጥ የሕመም ምልክት አላየሁም። ቅሬታሽ ግን ተገቢ ነው። መጀመሪያ የሱን ነገር እንይ።

ማርቪን ዙከርማን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ባደረገው ጥናት፣ ኃይለኛ ስሜት የሚሰጥ ነገር የመፈለግ ዝንባሌ ከሰው ሰው እንደሚለያይ አሳይቷል። ዝንባሌው በወጣትነት ይበረታል፣ ከዕድሜ ጋር እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከመነሻው ብዙ የነበረው ሰው ግን በ46 ዓመቱም ከእኩዮቹ በላይ ሊኖረው ይችላል። የአርሰናልን ጨዋታ ለሦስተኛ ጊዜ የሚያይን ባል «ልጅ ነው» የሚል የለም፤ ለማኅበሮቹ ይህን ንገሪልኝ።

ያንኑ መደጋገሙም ምክንያት አለው። ቀድሞ ኢንቲሚዳተር 305 ይባል የነበረው ይህ ኮስተር 93 ሜትር ወጥቶ በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበርራል። በመጀመሪያው ዙር ብዙ ሰው ይበልጥ የሚሰማው ፍርሃት ነው። ከዚያ በኋላ ልብ እንደ ፊቱ ቢመታም፣ አእምሮ የት እንደሚወርድና የት እንደሚታጠፍ ስለሚያውቅ ድንጋጤው ወደ ደስታ ሊዞር ይችላል። ደጋግመው የሚሳፈሩ ሰዎች ረድፍ ይመርጣሉ፦ ፊት የተቀመጠ ሁሉን ያያል፤ ኋላ የተቀመጠ ቁልቁለቱ ላይ ተስቦ ከወንበሩ ብድግ ይላል። የትኛውን ረድፍ እንደሚወድ ብትጠይቂው፣ የሚመልስልሽ ስለ ሽሽት እንዳልሆነ ታያለሽ።

አሁን ወዳንቺ። ቅዳሜ ቀን አንዱ ሰልፍ 45 ደቂቃ ቢፈጅ፣ አምስት ጊዜ ለመሳፈር ሦስት ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይሄዳል። ግልቢያው ግን ተደምሮ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። የቀረውን አንቺ ቦርሳ ይዘሽ ትቆጥሪዋለሽ። የሚያስከፋሽ ሰልፉ እንጂ ኮስተሩ አይመስለኝም። ስለዚህ «ልጅ ነህ እንዴ?» ማለቱን ተዪው፤ በተለይ ልጆች ፊት። በሥራ ቀን ማታ፣ ልጆቹ ሲተኙ፣ «አንተ ስትሰለፍ እኔ አራት ሰዓት ያህል እቀመጣለሁ፤ ቅዳሜውን እንከፋፈለው» በዪው። ለምሳሌ በር እንደተከፈተ ሰልፉ ሳይረዝም ሁለቴ፣ ማታ ሊዘጋ ሲል አንዴ ይሳፈር፤ መሐሉ የትንሿና ያንቺ ይሁን። ወይም በወር አንዱን ቅዳሜ ከትልቁ ልጅ ጋር ብቻ ይሂድ፣ አንቺ የራስሽን አድርጊ። ፓስ በተመላለሱ ቁጥር የረከሰ ይመስላል፤ ቤንዚንና ምግብ ሲጨመርበት ግን ሌላ ነው። የባንክ ወረቀቱን አብራችሁ እዩት።

«አብራችሁ ተሳፈሩ፣ ፍቅር ይታደሳል» የሚል ምክር ሰምተሽ ከሆነ አትጨነቂበት። ሜስተንና ፍሮህሊክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ከፍቅር ጓደኛቸው ውጪ ካለ ሰው ጋር ሮለር ኮስተር የተሳፈሩ ሰዎች ከወረዱ በኋላ በፎቶ ያዩትን ሰው ይበልጥ ማራኪ ብለውታል። ከፍቅር ጓደኛቸው ጋር በተሳፈሩት ላይ ግን ለውጥ አልታየም። አንቺን ለማስመለስ የሚያበቃ ምክንያት አይደለም!

መሞከር የምትፈልጊው በራስሽ ፍላጎት ከሆነ፣ የሚያስመልሰው የውስጥ ጆሮ የሚሰማውና ዓይን የሚያየው ሲጣረስ ነው። የሚሽከረከሩትን ተያቸው። ዝቅ ባለ ኮስተር መሐል ረድፍ ላይ ጭንቅላትሽን ደገፍ አድርገሽ፣ ዓይንሽን ሳትጨፍኚ ሐዲዱ ወደሚሄድበት ተመልከቺ። ከመሳፈርሽ አንድ ሰዓት ቀደም ብለሽ ቀለል ያለ ነገር ቅመሺ።

አንድ ነገር ለሱም ንገሪው። ፍልሰታ የሚውለው በነሐሴ ሙቀት ነው፤ የሚጾም ከሆነ ውኃ ሳይጠጣ ባዶ ሆዱን አይሳፈር። ፓንቴሪያን ከመጀመሪያው ቁልቁለት ወርዶ ሲታጠፍ ደም ከጭንቅላት ወደ እግር ስለሚሸሽ፣ ጤነኛ ሰው እንኳ ዓይኑ ሊጨልምበት ይችላል። እግርንና ሆድን ማጠንከር ይረዳል፤ ጾም ፈትቶ፣ ውኃ ጠጥቶና አረፍ ብሎ መሳፈር ግን ይበልጣል። በዚህ ዕድሜ የደም ግፊቱን ሳይለካ መቀጠል የለበትም። ራሱን ከሳተ ሐኪም ሳያየው አይመለስ።

የሚያሳስበኝ ይህ ሲሆን ነው፦ ወጪ መደበቅ፣ ለዚህ ብሎ ከሥራ መቅረት፣ ሳይሄድ ሲቀር ለቀናት መነጫነጭ፣ ወይም ነገሩ ከሐዘን ወይም ከሥራ ማጣት በኋላ ድንገት የጀመረ መሆኑ። እንቅልፍ ሳያስፈልገው፣ ንግግሩ ፈጥኖ፣ ገንዘብ መበተን ከጀመረ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ይዘሽው ሂጂ።